ናፍጣና ዘይት የነካው ቧንቧ ለማስበየድ ባህር ዳር ላይ የማምነው ቤት

ጣና ላይ ጀልባ ያላችሁ፣ በናፍጣ ፓምፕ መስኖ የምታጠጡ፣ ጋራዥ የምትሠሩ ሁሉ ይሄን አንብቡልኝ። አባይን ተሻግራችሁ ወደ ዘንዘልማ መውጫ ላይ በሩ ላይ በርሜል የተደረደረበት ብየዳ ቤት አለ፣ ዘይት የነካ ቧንቧ እንደነሱ ተጠንቅቆ የሚይዝ ሌላ ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም። ቅር ያለኝም ነገር አለ፣ እሱንም እጽፈዋለሁ።

እኔ ወደ ዘጌ ሰው የማመላልስበት ጀልባ አለኝ፣ ከላይ ናፍጣ የሚቀዳበትና ወደ ታንከሩ የሚወርደው የብረት ቧንቧ መታጠፊያው ላይ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ቅርቤ ወዳለ ሌላ ቤት ወሰድኩት፣ ስሙን አልጠራም፣ ልጁ ቧንቧውን ገልብጦ አራገፈና «ናፍጣ እኮ ነው ቤንዚን አይደለም፣ ምንም አይልም» ብሎ የኦክስጅኑን ጎማ አንስቶ ውስጡን ሊነፋው ሲል ቧንቧዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ዘይትና ንጹህ ኦክስጅን ከተገናኙ እኮ ክብሪት ላያስፈልግ ይችላል!

ናፍጣ ምንም አይልም የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። እውነት ነው ሲቀዘቅዝ ቶሎ አይያዝም፣ የሚቀጣጠል ትነት የሚሰጠው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። ግን ብየዳ ብረት የሚያቀልጥ ነገር ነው፣ ብረት ደግሞ የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ አጠገቡ ያለው ቧንቧ ሲግል ውስጡ የተለጠፈችው ስስ ቅባት ሁሉ ትነት ትሆናለች፣ ጫፎቹ ከተደፈኑ ደግሞ መውጫ የለውም፣ ያው ቦንብ ማለት ነው። «ባዶ ነው» የተባለ በርሜል ሲበየድ የሚፈነዳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህኛው ቤት ስገባ ባለቤቱ ገና ቧንቧውን ሳይነካ «ልጄ፣ ውስጡ ምን ነበር?» አለኝ። ናፍጣ ነው ጋሼ ስለው «ከናፍጣ በፊትስ?» አለ። ቧንቧውን አሮጌ ነው የገዛሁት፣ እሱ ይሄን እስኪጠይቀኝ ድረስ እኔን የጠየቀኝ የለም። ከዚያ ክዳኑንም ፊቲንጉንም ፈቶ ሁለቱንም ጫፍ ከፈተው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ኮስቲክ ሶዳና ኦሞ ቀስ እያለ ጨምሮ አሞቀውና (ሶዳው ነው ወደ ቀዝቃዛው ውሃ የሚጨመረው፣ ውሃ ሶዳው ላይ ከተደፋ ወይም ሶዳው የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈናጠራል) መነጽርና የጎማ ጓንት አድርጎ ዘፈዘፈው። አሉሚኒየም ወይም ዚንክ የተነከረ ቧንቧ ቢሆን ኮስቲክ አያስነካውም ነበር፣ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ። ደስ ያለኝ ከታጠበ በኋላ ያለው ነው፣ ሽቦ ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ አስሮ በቧንቧው ውስጥ ሳበው፣ ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ እንደገና አጥቦ ሳበው፣ ቡናማ፣ እንደገና፣ ጨርቁ እንደገባ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ማሽኑ ጋ አልሄደም። «አሁን አይሸትም እኮ» ብለው «አፍንጫ አይታመንም» አለኝ፣ ልክ ነው፣ አፍንጫ ትነቱን ቶሎ ይለምደዋል።

ወረፋ ይጠብቅ የነበረ አንድ ሰው በቤንዚን ብታጥበው ይፈጥን ነበር ሲል ባለቤቱ ተቆጣው፣ የናፍጣ ቅሪት ለማውጣት የባሰ ማስገባት ነው። እኔ የምጨምረው ብሬክ ክሊነርንም ነው፣ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ከሆነ የብየዳው ብርሃንና ሙቀት ፎስጂን ወደሚባል ገዳይ ጋዝ ሊለውጠው ይችላል፣ እና እባካችሁ ማንም «ይደርቃል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ።

ሲበይድም ቧንቧውን ሞርሳ ላይ አቁሞ፣ የታችኛውን ጫፍ ደፍኖ፣ ስንጥቁ ጋ ሊደርስ ትንሽ እስኪቀረው ውሃ ሞላበት፣ የላዩን ክፍት ተወው። ውሃው ትነት የሚጠራቀምበትን ቦታ ይይዛል፣ የቀረችውም ብትኖር በላይ ትወጣለች። ከውጭም ስንጥቁን በግራይንደር እስኪያበራ አጸዳው፣ ምክንያቱም ዘይት ላይ የተበየደ ነገር ጋዝ ይዞ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፣ የነዳጅ ቧንቧ ላይ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳም ብትሆን ታንጠባጥባለች። ጨርሶ በትንሽ ንፋስና በሳሙና አረፋ ሞከረልኝ። የእሳት ማጥፊያና አሸዋ አጠገቡ ነበር፣ ከጨረሰም በኋላ ረዳቱ ፍንጣሪ የወደቀበትን ቦታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲጠብቅ አይቻለሁ።

ሌላው የወደድኩላቸው የታጠበበትን ውሃ በርሜል ውስጥ ማጠራቀማቸው ነው፣ ቦይ ውስጥ አይደፉትም። ጣና በእምቦጩ የደረሰበት አንሶ ዘይት ልንጨምርበት አይገባም፣ እኛ እንጀራችን እሱ ላይ ነው።

ቅሬታዬ፣ ዋጋቸው ከሌላው እጥፍ ይጠጋል፣ ሥራውን ሳየው ግን አልከፋኝም። ጠዋት ሰጥቼ ማታ ነው የተቀበልኩት። ውስጡ የሚቀጣጠል ትነት መቅረቱን የሚያሳይ ጋዝ መለኪያ የላቸውም፣ ለኔ ዓይነት አጭር ቧንቧ ችግር ላይሆን ይችላል፣ ለትልቅ ታንከር ግን ያለ መለኪያ እኔ አላስበይድም፣ ባለቤቱም ትልቅ ታንከር አይቀበልም። የሚጠብቁበት ጥላ ያለው ቦታም የለም፣ ፀሐይ ላይ ነው።

የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ሂዱ፣ ለማጠብ ጊዜ ስለሚፈልጉ ከሰዓት በኋላ ዘይት የነካ ነገር አይቀበሉም፣ ቧንቧው ውስጥ ምን እንደነበረም ሳትደብቁ ንገሯቸው።