ሐሙስ ዲናን ወይስ ቅዳሜ ሬን?

ፈረንሳይ ውስጥ ብሬታኝ የሄደ ሰው የገበያ ቀን መምረጥ አለበት። ሐሙስ ጠዋት ዲናን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሬን። ሁለቱም ገበያዎች የቆሙት ድሮ ፈረሰኞች በጦር ይጋጠሙበት የነበረ ሜዳ ላይ ነው። እኔ ሬንን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሆዴ ነው።

የሬኑ ገበያ፣ ሊስ፣ ከፈረንሳይ ትልልቆቹ አንዱ ነው። አትክልትና ዓሣውን እለፉና ረጅሙን ሰልፍ ተከተሉ፤ ጋሌት ሶሲስ ጋ ያደርሳችኋል። ጋሌትን ስስ እንጀራ በሉት። ሊጡ «ጥቁር ስንዴ» ከሚሉት፣ ስሙ እንጂ ራሱ ስንዴ ካልሆነ እህል ዱቄት፣ ከውሃና ከጨው ነው፤ ዱቄቱ እንደ ጤፍ ግሉተን የለውም። ክብ የብረት ምጣድ ላይ ያፈሱትና በትንሽ የእንጨት መግፊያ ያሳሱታል። ከዚያ ትኩስ የአሳማ ቋሊማ ይጠቀለልበታል። ቆሞ፣ በእጅ ነው የሚበላው። ካቻፕ የጠየቀ ግንባር ይቋጠርበታል! አሳማ የማይበላ በእንቁላልና በአይብ የሚሠራውን ይዘዝ።

ዲናን ትንሽ ናት፤ በግንብ የታጠረች። ገበያዋን ቶሎ ትጨርሱታላችሁ። ከዚያ ኩዊን አማን ገዝቶ በዤርዙዋል ቁልቁለት ወደ ራንስ ወንዝ መውረድ ነው። ኩዊን አማን በብሬታኝ ቋንቋ፣ በብሬቶንኛ፣ «የቅቤ ኬክ» ማለት ነው። ወንዙ ጋ ስትደርሱ ጣታችሁ በስኳር ተጣብቋል።