በዳቪንቺ ሪዞልቭ የሠራኋቸው የጽሑፍ ቴምፕሌቶች፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ደሴ ባለች አነስተኛ ስቱዲዮዬ የሠርግ፣ የምርቃትና የመንዙማ ቪዲዮዎችን አቀናብራለሁ። ከጥቅምት ወር ጀምሮ ስም፣ ማዕረግና ቦታ የሚያሳዩትን ተንቀሳቃሽ ጽሑፎች በሙሉ የምሠራው፣ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በሆነው በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ ላይ ራሴ ባዘጋጀኋቸው ቴምፕሌቶች (ደጋግመን በምንጠቀምባቸው ዝግጁ ቅርጾች) ነው። ቀድሞ ከአንዱ ሠርግ ፕሮጀክት ወደ ሌላው እየገለበጥሁ፣ ቀለሙንና መጠኑን እንደገና እያስተካከልሁ እሠራ ስለነበር፣ ጥር ላይ ሠርግ ሲደራረብ አንዱን ስም ለማስገባት ብቻ ብዙ ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር።

ፕሮግራሙን የመረጥሁት በየወሩ በዶላር መክፈል ስለማያስፈልገው ነው። የግራፊክስ ክፍሉ ፉዥን እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 15ኛው ስሪት ከሪዞልቭ ጋር ተዋሕዷል፤ ነፃው ቅጂም እስከ አልትራ ኤችዲ ጥራት፣ በሰከንድ እስከ 60 ፍሬም ያወጣል። ለእኔ ሥራ ይህ ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በፉዥን ገጽ ላይ ጽሑፉ፣ ከበስተኋላው ያለው የቀለም ሳጥንና ሁለቱን የሚያጣምረው መርጅ እያንዳንዳቸው በኖድ፣ ማለትም እርስ በርስ በሚገናኙ የሥራ ክፍሎች መልክ ይቀመጣሉ። ኖዶቹን አንድ ላይ መርጠን ማክሮ (ብዙ ኖዶችን እንደ አንድ የሚይዝ ጥቅል) እንዲፈጠር ስናዝ፣ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ማስተካከያ ዘርዝሮ የትኛው ለተጠቃሚው ክፍት እንዲሆን እንደምንፈልግ ይጠይቃል። በዚህ የሚወጣውን የሴቲንግ ፋይል በቴምፕሌቶች ፎልደር፣ ኤዲት በሚለው ውስጥ ባለው የታይትልስ ፎልደር አስቀምጠን ፕሮግራሙን ዘግተን ስንከፍት፣ ቴምፕሌቱ ከሌሎቹ ጽሑፎች ጋር ተደርድሮ እናገኘዋለን።

ዋናው ትምህርት ያለው ማስተካከያዎቹን በመምረጡ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቴምፕሌት ስሠራ ሁሉም ነገር ሊስተካከል ይገባል ብዬ ሃያ ሦስት ማስተካከያ ክፍት ተውሁ። ረዳቴ ሲጠቀምበት የአንዱ ሠርግ ስሞች በሦስት ዓይነት መጠንና በሁለት ዓይነት ቀለም ወጡ፤ የረዳቴ ጥፋት አልነበረም፣ በሩን ክፍት የተውሁት እኔ ነበርሁ። አሁን ክፍት የምተወው አምስት ብቻ ነው፦ ስም፣ ማዕረግ፣ የሳጥኑ ቀለም፣ የሚቀመጥበት ጎንና የጽሑፉ መጠን። የቀረው ሁሉ ዝግ ነው። የሴቲንግ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ከፍቼ የማስተካከያዎቹን ስያሜ በአማርኛ ጻፍሁ፤ ከዚያ ወዲህ ረዳቴ የትኛው ምን እንደሚሠራ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ብዙ የደከምሁበት ጉዳይ የስም ርዝመት ነው። በእኛ አገር በአንድ ዝግጅት ላይ «ሸህ» ከሚለው አጭር ማዕረግ እስከ «መልአከ ብርሃናት ቀሲስ» ድረስ ይመጣል፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ድንኳን አጠገብ ለአጠገብ መቀመጣቸው የተለመደ ነው። ስፋቱ የማይለወጥ ሳጥን ለአንዱ ይሰፋዋል፣ ሌላውን ያፍነዋል። ስለዚህ የሳጥኑን ስፋት በኤክስፕሬሽን (አንዱን ዋጋ ከሌላው በሚያሰላ አጭር ቀመር) ከጽሑፉ ስፋት ጋር አያያዝሁት፤ ፊደል በተጨመረ ቁጥር ሳጥኑም አብሮ ይሰፋል። አዲስ ቴምፕሌት ስሠራ አሁን የምጀምረው ከማውቀው ረጅሙ ማዕረግ ነው። የጽሑፉን ቆይታ በታይምላይን (ክሊፖቹ በጊዜ ቅደም ተከተል በሚደረደሩበት መስመር) ላይ ስናረዝም መግቢያውና መውጫው አብረው እንዳይንቀራፈፉ ኪፍሬም ስትሬቸር የተባለው ኖድ ይጠቅማል፤ መካከሉ ብቻ ይለጠጣል።

ስለ ፎንት ማስጠንቀቅ አለብኝ። ቴምፕሌቱ ፎንቱን ይዞ አይሄድም። በስቱዲዮው ኮምፒውተር የሠራሁትን በረዳቴ ላፕቶፕ ስከፍት የግዕዙ ፊደል በሌላ ፎንት ተተክቶ አገኘሁት፤ አስቀድሜ አለመጫኔ የእኔ ስሕተት ነበር። አሁን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በሁለቱም ማሽኖች ጭኛለሁ፤ በነፃ የሚገኝና ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ውፍረት ያለው በመሆኑ ስሙን በወፍራም፣ ማዕረጉን በቀጭን ለመለየት አመቺ ነው። የግዕዝ ፊደል አንዱ ከሌላው ስለማይቀጣጠል ፊደሎቹን አንድ በአንድ የሚያስገባው ፎሎወር የተባለው መሣሪያ በጣም ያምርበታል። በዓረብኛ ለሚጻፉ የመንዙማ ርዕሶች ግን ፊደሎቹ ተያያዥ ስለሆኑ መላውን መስመር በአንድ ጊዜ ቀስ ብሎ እንዲገለጥ አደርጋለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚከብደው ጉድለት፣ ቴምፕሌቱ ከተሻሻለ በኋላ ቀድሞ ታይምላይን ላይ የገቡት ቅጂዎች አብረው አለመሻሻላቸው ነው። በግንቦት አንድ ሠርግ ላይ የሳጥኑን ጠርዝ ካስተካከልሁ በኋላ አርባ ያህል ጽሑፎችን አንድ በአንድ መተካት ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቴምፕሌት የስሪት ቁጥር እሰጣለሁ፤ በሥራ ላይ ያለ ፕሮጀክት እስኪያልቅ ድረስም አዲሱን አላስገባም። ፉዥን የማሽን ጉልበትም ይፈልጋል፤ በእኔ የቆየ ኮምፒውተር ካሽ ሳይደረግ (አስቀድሞ ተሰልቶ ሳይቀመጥ) እይታው ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ጽሑፎቹን የማስገባው የምስሉ ቆረጣ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን የያዝሁት ለመስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ የሚሆን፣ ቀኑን በግዕዝ አኃዝ የሚያሳይ ቴምፕሌት ነው። አኃዞቹ ከላይና ከታች ሰረዝ ስላላቸው ለፊደል ይበቃ የነበረው የሳጥኑ ክፍተት ጠበባቸው፤ በዚህ ሳምንት ለከፍታው ለብቻው ኤክስፕሬሽን እየጻፍሁለት ነው።