«ሁሉም ተካቷል» የምትል ባለ አንድ ገጽ የዋጋ ግምት ይዛችሁ ቅድሚያ እንዳትከፍሉ

ግቢዬ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ለማሠራት ከአንድ ኮንትራክተር ጋር ተዋዋልኩ። የዋጋ ግምት ብሎ የሰጠኝ ወረቀት ሦስት መስመር ብቻ ነበር፦ «የሰርቪስ ቤት ግንባታ፣ ከነማቴሪያሉ፣ ከነእጅ ዋጋው፣ ሁሉም ተካቷል»። ከሥሩ ድምር፣ ፊርማና ማህተም። ማህተሙን ሳይ ልቤ አረፈና ግማሹን ቅድሚያ ከፈልኩ።

መሠረቱ ሲቆፈር አፈሩ ጥቁር መረሬ ሆኖ ተገኘ፤ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ለመሠረት የማይመች አፈር ነው። «ይሄ ግምቱ ውስጥ የለም» አለኝ፤ ጨመርኩ። የተቆፈረውን አፈር ማስጫኛም ለብቻው ተባለ፤ እሱንም ከፈልኩ። ከዚያ ጣሪያው ደረሰ። እኔ ያሰብኩት ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ነው፤ የመጣው ባለ 32። የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። በአውራ ጣቴ ጫን ባደርገው ጎደጎደ። «28 የሚል የቱ ጋ አለ?» አለኝ። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። የለም።

እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ዝርዝር ጠይቁ። ኮንትራክተሮች ቢል ኦፍ ኳንቲቲ የሚሉት ነው፦ የሥራው ዓይነት፣ መለኪያው፣ መጠኑ፣ ነጠላ ዋጋው፣ ድምሩ። ቁፋሮ በሜትር ኪዩብ፣ ፌሮ በኪሎ ከነውፍረቱ፣ ብሎኬቱ ውፍረቱ ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን ባለ 20። 15 ፐርሰንቱ ቫት ውስጥ ገብቷል ወይስ በላዩ ላይ ይጨመራል? ይቺን አለመጠየቄ ብዙ አስከፍሎኛል።

ዝርዝር ካለ ራሳችሁ ታሰሉታላችሁ። ፊቱ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ግድግዳ 13 ያህል ይፈጃል። 4 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 12 ካሬ ነው፤ በርና መስኮቱ ሳይቀነስ ወደ 156 ብሎኬት። 250 ተጽፎ ካያችሁ ለምን በሉ። «ሲሚንቶ ጨመረ» ሲባልም ስንት ኩንታል እንደቀረ ስለምታውቁ የምትጨምሩት የዚያኑ ልዩነት ብቻ ይሆናል።

ክፍያውን በተሠራውና በተለካው ልክ አድርጉት። ተጨማሪ ሥራ ከመጣም ዋጋው ተጽፎ ሳይፈረም አካፋ አይነሳ።

ዝርዝር ስጠን ስትሉት «አታምኑኝም እንዴ?» የሚል ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔንም እንዲሁ ብሎኝ ነበር። አፈርኩና ዝም አልኩ።