ጣሳ፣ ፓኬት ወይስ ምጥን? ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ ወላጆች

ልጃቸው ስድስት ወር ሲሞላው የሚደውሉልኝ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። የውጭውን የጣሳ ምግብ ልግዛ፣ የአገር ውስጡን ፓኬት ልያዝ ወይስ የእህልና የጥራጥሬ ቅልቅል የሆነውን ምጥን ላስፈጭ? ለአንዷ የነገርኳትን ለሌላዋ ስደግም ከርሜያለሁ፤ አሁን በጽሑፍ ይኸውላችሁ። እኔ የምጥን ወገን ነኝ። ግን ቤት የተሰናዳ ምጥን ነው የምላችሁ፤ ከሱቅ በላስቲክ ታስሮ የሚሸጠውን አይደለም።

በዋጋው እንጀምር። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለ400 ግራም ጣሳ 1,100 ብር ከፍያለሁ። 100 ግራሙ 275 ብር መጣ ማለት ነው። የአገር ውስጡ ፓኬት ግማሽ ኪሎው 160 ብር ነበር፤ 100 ግራሙ 32 ብር። ምጥኑስ? አንድ ኪሎ ሰርገኛ ጤፍ 140፣ ገብስ 100፣ ስንዴ 80፣ ሽምብራ 130፣ ወፍጮ 40። ድምሩ 490 ብር። ተለቅሞ፣ ታምሶና ተነፍቶ ሦስት ኪሎ ተኩል ዱቄት ቢወጣው 100 ግራሙ 14 ብር ነው።

«ጣሳው እኮ ወተት አለበት» ትሉኛላችሁ። አለበት። እሺ፣ ምጥኑ ላይ እንቁላል እንጨምር። ልጁ በቀን 50 ግራም ዱቄት ቢበላ 7 ብር፣ አንድ እንቁላል 20 ብር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት 2 ብር። በቀን 29 ብር፣ በወር 870 ብር። ያው 50 ግራም በጣሳ 137 ብር ከ50 ነው፤ በወር 4,125 ብር። ልዩነቱ ከ3,000 ብር በላይ ነው! ዋጋው ሰሞኑን እኔ የከፈልኩት ነው፣ እናንተ ጋ ከፍ ወይ ዝቅ ሊል ይችላል። ግን ምን ቢዋዥቅ ጣሳው ወደ ምጥኑ አይጠጋም።

በላስቲክ የሚሸጠውን ምጥን ግን አደራ አትግዙ። ስም የለው፣ የተፈጨበት ቀን የለው። «አሥራ ሁለት ዓይነት እህል አለበት» ተብሎ ለጎረቤቴ የተሸጠላትን ቀምሼዋለሁ። ጉሮሮ ይከረክራል። በርበሬ የወጣበት ወፍጮ ሳይጠረግ የተፈጨ ነው። ከዚያ የባሰው ውስጡ የሚገባው ኦቾሎኒ ነው። የሻገተ ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መቁላትም ሆነ ማፍላት አያጠፋውም። ፍሬውን በእጃችሁ ስትለቅሙ የጠቆረውንና የተጨማደደውን ትጥላላችሁ። አንዴ ከተፈጨ ግን በምን ይለያል? በርካሽ አገኘሁት ብላችሁ ከሁሉም የሚወደደውን ነው የምትገዙት።

የአሥራ ሁለቱ እህል ነገር ራሱ አያስፈልግም። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ይበቃል። የእህሉ ዓይነት በበዛ ቁጥር ለቀማው ይበዛል፣ ከመሀል የሚበላሸውም ይበዛል። አኩሪ አተር የምትጨምሩ በደንብ ቀቅላችሁ ወይ ቆልታችሁ ይሁን፤ ጥሬው ለሆድ ይከብዳል። ኦቾሎኒ ከምጥኑ ጋር አታስፈጩ፣ ቅባቱ ዱቄቱን ቶሎ ያበላሸዋል። ለብቻው ጥቂት በጥቂት ወቅጡና ገንፎው ላይ ጨምሩ። ፍሬውን እንዳለ ለሕፃን መስጠት ግን ያንቃል።

ወፍጮ ቤት በጠዋት ሂዱ። ከፊታችሁ በርበሬ ወይ ሽሮ ያስፈጨ ካለ ትንሽ ጤፍ አስቀድማችሁ አስወርዱና ያንን ለእንጀራ አድርጉት።

ደሴና ኮምቦልቻ አንድ አይደሉም። ደሴ በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል የታጠበ እህል አይደርቅም፤ ሳይደርቅ ከተፈጨ ይሻግታል። ስለዚህ አጥባችሁ የምታሰጡትን በበጋው ጨርሱና በክረምት እያወጣችሁ ጥቂት በጥቂት አስፈጩ። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ፀሐዩ ቶሎ ያደርቅላችኋል፣ ግን ሙቀቱ ነቀዝ ይጠራል። እዚያ ከወር በላይ የሚቆይ ዱቄት አታስፈጩ። ሌላም አለ። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ ቆላ ካለው ባነሰ ሙቀት ነው የሚፈላው። ገንፎውም ጥራጥሬውም ደሴ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን የብዙ እናቶች ችግር ወደሆነው ልምጣ። ገንፎው ወፍሮ ልጁ እምቢ ሲል ውሃ ይጨመርና በጡጦ ይሰጣል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ በውሃ ሞልታ ልጁ ሳይመገብ ይተኛል። መድኃኒቱ ብቅል ነው። ገብስ ወይ ስንዴ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉ፣ አብቅሉ፣ በፀሐይ አድርቁና ለብቻው አስፈጩ። ይህን አታምሱት። ወፍራሙ ገንፎ ከበሰለ በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጣል አድርጋችሁ አማስሉ። ውሃ ሳትጨምሩ ሲላላ ታዩታላችሁ። ከዚያ እንደገና አንዴ አፍሉት። የዚህ ወጪ ከዕፍኝ ገብስ አይበልጥም።

«ጁስ መፍጫ ልግዛ ወይ?» ለምትሉኝ፣ ለዚህ ብላችሁ አትግዙ። የታወቀ ስም ተለጥፎበት በ3,000 ብር የሚሸጠው አስመስሎ የተሠራ ነው። የኔው ደረቅ እህል ሳይነካ፣ ካሮት ብቻ እየፈጨ፣ መጀመሪያ ከማሰሮው ሥር ያለው የላስቲክ ጥርስ ተበላ፣ ቀጥሎ ሞተሩ ተቃጠለ። ጠጋኙ ሽቦውን ለማስጠቅለል የጠየቀኝ ከአዲሱ ዋጋ ግማሹን ነው፤ ጥርሱ ደግሞ መለዋወጫ የለውም። ድንች፣ ካሮትና እንቁላል በሹካ ይደቆሳል። ስምንት ወር ገደማ ላይ ልጁ ትንሽ ጓጓል ያለ ነገር ማኘክ መልመድ ስላለበት እንደ ውሃ መፍጨቱም አይጠቅመውም።

ፓኬቱ የሚበልጥበት ነገር አለ። ፋፋና መሰሎቹ ላይ ብረትና ቫይታሚን ተጨምሮበታል። ሕፃን ከስድስት ወር በኋላ ከናቱ ይዞት የመጣው ብረት ይቀንሳል፤ የእህል ብረት ደግሞ በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ስለዚህ በምጥን ብቻ የምታሳድጉ ጉበት፣ ሥጋ ወይ ከሐይቅ የሚመጣውን ዓሣ አጥንቱን አውጥታችሁ ጨምሩ። ከጎኑ ብርቱካን ወይ ፓፓያ ይኑር። ቡና ሲፈላ ለሕፃኑ ሻይ ማቅመስ ይቅር፣ ብረቱን ያግዳል። ማርም ዓመት እስኪሞላው አይነካ። እንቁላልም ሥጋም ቤታችሁ የማይገኝ ከሆነ ከጣሳው ይልቅ ፓኬቱን ግዙ፤ መንገድ ስትወጡም እሱን ያዙ። ሠርታችሁ በፔርሙዝ ገንፎ ይዞ መዋል ተህዋስ ማራባት ነው።

በጾም ወቅት «ድስቱ ይነካካብናል» ብላችሁ የልጁን እንቁላል አታስቀሩ። ለሱ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስትና ማንኪያ ግዙለት። ሕፃን አይጾምም።

ይህ ሁሉ ደህና ለሚያድግ ልጅ ነው። ስድስት ወር ያለፈው ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጣሳም ምጥንም እያላችሁ አታማርጡ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከ11.5 በታች ከሆነ በዚያው ቀን። እዚያ ለተጎዳ ልጅ የሚታዘዘው በፓኬት ያለ የኦቾሎኒ ልውስ በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ገበያ ላይ ሲሸጥ ብታዩት አትግዙ።