«ለሁሉም ስልክ፣ ለሁሉም ጌም» የሚባለውን ጆይስቲክ እንዳትገዙ

የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን ጽሁፍ ሳታነቡ ለልጃችሁ የስልክ ጆይስቲክ አትግዙ። ለራሳችሁም ቢሆን አትግዙ። ቴሌግራም ላይ «ለሁሉም ስልክ፣ ለሁሉም ጌም የሚሰራ፣ ያሉበት እናደርሳለን» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። ለሁሉም ጌም የሚሰራ ጆይስቲክ የለም። ርካሹም ውዱም፣ ኦርጅናሉም ኮፒውም ለሁሉም ጌም አይሰራም። ይህን እያወቀ የሚሸጥ ሰው እያታለለ ነው። ሳያውቅ የሚሸጠውም ቢሆን ገንዘባችሁን አይመልስላችሁም።

ስራዬ ስልክ ጥገና ነው። ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጆይስቲክ ይዘው «አልሰራ አለ፣ እስቲ እየው» የሚሉኝ ሰዎች እየበዙ መጥተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው አልተበላሸም። መብራቱ ይበራል። ብሉቱዙ ይገናኛል። ስልኩ ላይ ከአንዱ አይከን ወደ ሌላው ይዘላል። ጌሙ ሲከፈት ግን ልጁ ይጫናል፣ ጌሙ አይሰማም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ በቅርቡ ሱቄ የመጣች አንዲት እናት ናት። ልጇ ሚኒስትሪ አልፏል። ካለፍክ እገዛልሃለሁ ብላው ስለነበር ሁለት ሺህ ምናምን ብር በቴሌብር አስቀድማ ላከች። ዕቃውን ያመጣላት ባለ ሞተር ነው። ግቢው በር ላይ ሰጥቷት ሄደ። እሱ የታዘዘውን ያደርሳል እንጂ ስለ ዕቃው የሚያውቀው ነገር የለም። ልጁ የሚፈልገው ፐብጂ መጫወት ነው። ጆይስቲኩ ፐብጂ ላይ አልሰራም። ለሻጩ ስትደውልለት «ፕሮግራም መጫን አለበት» ብሎ በቴሌግራም ፋይል ላከላት። ልጁ ጫነው። ትንሽ ሰራ፣ ደስ አለው። ብዙም ሳይቆይ የጌም አካውንቱ ታገደ። እናትየው ደግማ ስትደውል ሻጩ ብሎክ አድርጓታል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ብሩ አልነበረም። «እትዬ፣ ስልኩ የማን ነው?» አልኳት። «የኔ ነው ወንድሜ፣ ልጁማ የራሱ የለውም» አለችኝ። የባንክ መተግበሪያዋ እዚያው ላይ ነው። ቴሌብሯም እዚያው ነው። የዕቁብ ብር የምትሰበስበው በዚያው ስልክ ነው። ሻጩ የላከው ፕሮግራም ደግሞ የስልኩን «ተደራሽነት» ፈቃድ ወስዷል።

ተደራሽነት (በእንግሊዝኛ አክሰሲቢሊቲ) የሚባለው ፈቃድ የተሰራው በዋናነት ማየት ለተሳናቸውና ጣታቸውን እንደልብ ማንቀሳቀስ ለማይችሉ ሰዎች ነው። ይህን ፈቃድ ያገኘ መተግበሪያ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይችላል። በእናንተ ፋንታም መንካት ይችላል። ለዚህ ነው ባንክ የሚዘርፉ የስልክ ቫይረሶች ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ፈቃድ የሚለምኑት። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣ ፋይል ተጭኖ ይህን ፈቃድ ሲጠይቅ ስልኩ ራሱ ይከለክላል። ሻጩ ታዲያ ክልከላው በየት በኩል እንደሚነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ አብሮ ይልካል። ፕሮግራሙ ምንም ክፉ ነገር ላይኖረው ይችላል። ግን ማን እንደሰራው አይታወቅም፣ የላከው ሰው ስልክ አያነሳም፣ የቤተሰቡ ገንዘብ ደግሞ እዚያው ስልክ ውስጥ ነው። ለአንድ ጆይስቲክ ተብሎ ይህን ያህል አደጋ አይወሰድም።

አሁን ጆይስቲኩ ለምን እንደማይሰራ ላስረዳ። ይህን የተረዳ ሰው በቀላሉ አይሸወድም።

ጆይስቲክ ለስልኩ የሚልከው «ኤክስ የሚለው ቁልፍ ተጫነ»፣ «የግራው ስቲክ ወደ ፊት ሄደ» የሚል መልእክት ነው። ስቲክ የምለው በአውራ ጣት የሚገፋውን ዘንግ ነው። ስልኩ ይህን ተቀብሎ ለጌሙ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ያለው የጌሙ ስራ ነው። የጌሙ ሰሪዎች ጆይስቲክ እንዲቀበል አድርገው ካልሰሩት መልእክቱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ጆይስቲኩ ከመጠየቃችሁ አስቀድማችሁ «ልጄ የሚጫወተው ጌም ጆይስቲክ ይቀበላል ወይ?» በሉ። መልሱ ያለው ከጌሙ ሰሪ ዘንድ ነው፣ ሻጩ ዘንድ አይደለም።

ፐብጂ ሞባይል ጆይስቲክን በይፋ አይቀበልም። በጣት እንዲነካ ነው የተሰራው። ኮል ኦፍ ዱቲ ሞባይል ግን ከኅዳር 2012 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ይቀበላል። በጆይስቲክ የሚጫወተውንም በጆይስቲክ ከሚጫወቱ ሌሎች ጋር ያገናኘዋል። ማይንክራፍትና ሮብሎክስ ይቀበላሉ። የስልኩ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስም ይቀበላል። የእኛ ሰፈር ልጆች የሚወዱት ፒፒኤስኤስፒፒ ደግሞ ከሁሉም የተመቸ ነው። የድሮውን የፒኤስፒ ኳስ ጨዋታ የሚያስጫውተው ማለቴ ነው። እያንዳንዱን ቁልፍ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ እንደፈለጋችሁ ትመድባላችሁ። ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም አይጠይቅም። ልጃችሁ ፒፒኤስኤስፒፒ ላይ ኳስ የሚጫወት ከሆነ ጥሩ ጆይስቲክ ግዙለት። ስክሪኑን በጣቱ ሳይሸፍን ሲጫወት በእውነት ደስ ይላል። እኔ ጆይስቲክን አልጠላም። የምጠላው ውሸቱን ነው።

«ፐብጂ ላይ ያሰራል» የሚባለው ፕሮግራም የሚሰራው እንዲህ ነው። የጆይስቲኩን ቁልፍ ወደ ጣት ንክኪ ይቀይረዋል። አንዱን ቁልፍ ስትጫኑ ስክሪኑ ላይ የተኩሱ ምልክት ያለበት ቦታ የተነካ ይመስላል። ጌሙ ይህን እንደ ማጭበርበሪያ ሊቆጥረው ይችላል፣ አካውንትም ሊታገድ ይችላል። ልጁ ጌሙ ውስጥ በወራት የሰበሰበው ልብስና ደረጃ አብሮ ይሄዳል። ለትልቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ለልጅ ግን ቀላል አይደለም፤ የዚያች እናት ልጅ ሱቄ ውስጥ ቆሞ አንዲት ቃል አልተናገረም።

አይፎን የያዛችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ርካሽ ጆይስቲኮች አይፎን ላይ ይመኩበት የነበረው ይኸው የንክኪ ዘዴ ከአይኦኤስ (የአይፎኑ ሲስተም) 13.4 ጀምሮ ተዘግቷል። ካርቶኑ ላይ የአፕል ምልክት መታተሙ ምንም ማለት አይደለም። በሌላ በኩል የፕሌይስቴሽን 4ን እና ብሉቱዝ ያለውን የኤክስቦክስ ጆይስቲክ አይፎን ከአይኦኤስ 13 ጀምሮ በቀጥታ ይቀበላል። ያው ጌሙ ራሱ መቀበል አለበት።

ሌላው መታለያ «ኦርጅናል የፕሌይስቴሽን» የሚባለው ነው። ፎርጅዱ በጣም በዝቷል። ከውጭ ሲያዩት ቁርጥ ኦርጅናሉን ነው። ከፕሌይስቴሽን ቤት የወጣ ያረጀ ዕቃ አዲስ ልባስ አልብሰው የሚሸጡም አሉ። የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ እናምጣልህ ካሏችሁ እምቢ በሉ። ተራ አንድሮይድ ስልክ ጋር በብሉቱዝ አይግባባም። ኤክስቦክስ ከሆነ በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን ብሉቱዝ የለውም። ከ2016 ጀምሮ የመጣው አለው። መለያው ቀላል ነው። መሃል ላይ ያለውን የሚበራውን ቁልፍ እዩ። በቁልፉ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ከፊት ለፊቱ ገላ ጋር አንድ ወጥ ከሆነ ብሉቱዝ አለው። ከላይኛዎቹ ቁልፎች ጋር የተያያዘ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ከሆነ ግን የለውም።

ያረጀውን ከአዲሱ የምትለዩት ስቲኩን በመፈተሽ ነው። አብዛኛው ጆይስቲክ ውስጥ ስቲኩ ሲንቀሳቀስ የሚፋተግ ክፍል አለ። ሲበላ ማንም ሳይነካው ራሱ ይሄዳል፤ ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ወደ አንድ አቅጣጫ ይንሸራተታል። ይህን ለማየት ጌም እንኳ አያስፈልግም። ጆይስቲኩን ከስልኩ ጋር አገናኙ፣ ክሮም ላይ «ጌምፓድ ቴስተር» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ፣ የሚመጣውን ገጽ ክፈቱ። ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ተጫኑ። ከዚያ እጃችሁን አንሱ። የስቲኩ ቁጥር ዜሮ አካባቢ ካልቆመ ዕቃው ደክሟል። በማግኔት የሚሰሩ ስቲኮች ያላቸውም አሉ፤ እነዚያ የሚፋተግ ነገር ስለሌላቸው ይቆያሉ፣ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል።

ስልኩን መሃል አስገብቶ በታይፕ ሲ የሚሰካውን ዓይነት ለሚፈልግ፣ ስልካችሁ ኦቲጂ (በቻርጀር ቀዳዳው በኩል ሌላ ዕቃ መሰካት) መደገፉን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የስልኩ ከቨርም ብዙ ጊዜ ካልወለቀ አያስገባም።

እኛ ዳር ያለነው ለምን በብዛት እንደምንታለል አስቤበታለሁ። መርካቶ ወይም ቦሌ ሄዶ ዕቃ ነክቶ ለመግዛት ከዚህ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የታክሲ ሰልፉን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ እናዛለን። ዕቃው ሲበላሽ ደግሞ ለመመለስ ሌላ ግማሽ ቀን፣ ሌላ ትራንስፖርት። ሻጩ ይህን ያውቃል። ብዙ ሰው ትቶ እንደሚቀመጥ ያውቃል። በዚያ ላይ የሱቅ አድራሻ የለውም፣ ደረሰኝም አይሰጥም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ብር አትላኩ። «መጀመሪያ ካልከፈላችሁ አናመጣም» ካለ ይቅርበት። ባለ ሞተሩ ሲመጣ አቁሙት። የትራንስፖርቱን ክፈሉት፣ ጥቂት ደቂቃ እንዲታገስ ለምኑት። እዚያው በሩ ላይ አገናኙ፣ ልጁ የሚጫወተውን ጌም ክፈቱ፣ ሰርቶ ስታዩ ብቻ የዕቃውን ላኩ። ሻጩ «ይህ ጆይስቲክ እገሌ የሚባለው ጌም ላይ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይሰራል» ብሎ በጽሁፍ እንዲመልስላችሁ አድርጉና ፎቶ አንሱት። ደረሰኝ ጠይቁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለምትገዙት ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ውሸት ተነግሮት የገዛ ሰው አፉን ይዝጋ ማለት አይደለም። ማስረጃ ያለው ሰው ወረዳው ንግድ ጽህፈት ቤት ሄዶ ማመልከት ይችላል።

ፕሮግራሙን የጫናችሁ ካላችሁ ግን ይህን ዛሬውኑ አድርጉ። መጀመሪያ የስልኩን ዳታና ዋይፋይ አጥፉ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ተደራሽነት የሚለውን ክፈቱ፣ የፕሮግራሙን ፈቃድ ዝጉ። ከዚያ ፕሮግራሙን ራሱን አጥፉት። አልጠፋ ካለ ስልኩን ወደምታምኑት ጠጋኝ ውሰዱ፤ እስከዚያ በዚያ ስልክ ላይ ባንክም ቴሌብርም አትክፈቱ። የባንካችሁንና የቴሌብራችሁን የሚስጥር ቁጥር ስልኩ ከጸዳ በኋላ ቀይሩ፤ ቀድሞ ከቀየራችሁት ያው ፕሮግራም አዲሱንም ሊያየው ይችላል። የማታውቁት ብር ወጥቶ ካገኛችሁ ስልኩ እስኪጸዳ አትጠብቁ። በሌላ ስልክ ወዲያውኑ ባንካችሁ ደውላችሁ አካውንቱን አሳግዱ።