ከወሎ ለአዮዲን ስካን ለምትሄዱ፦ ደሴ ያለችውን ሲስተር ሳታገኙ አትነሡ

የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ካንሰር ስካን የምናነብ ባለሙያዎች ነን። ከወሎ በሚገባ ተዘጋጅተው የሚመጡልን ታካሚዎች አብዛኞቹ ደሴ በምትሠራ አንዲት ሲስተር እጅ ያለፉ ናቸው። ስለዚህ ምስጋናችንን በአደባባይ ልናደርስላት ወደድን።

ታይሮይዱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የቀረ ወይም የተዛመተ ፓፒላሪና ፎሊኩላር የሚባሉት የታይሮይድ ካንሰር ዓይነቶች ሕዋስ የሚፈለገው አዮዲን 131 በሚባል ጨረር በሚያመነጭ አዮዲን ነው። ሕዋሱ አዮዲኑን ካልሳበ ካሜራው ምንም አያይም። እንዲስብ ቲኤስኤች የሚባለው ታይሮይድን የሚያነቃቃ ሆርሞን በደም ውስጥ ከ30 በላይ መድረስ አለበት፤ ሰውነት ውስጥም ሌላ አዮዲን መብዛት የለበትም።

ቲኤስኤች እንዲወጣ፣ ሐኪም ሲያዝ ታይሮክሲን የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቋረጣል። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀትና የፊት ማበጥ ይመጣል። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ሰው ደንግጦ ክኒኑን መልሶ ይጀምርና ቀጠሮው ይበላሻል። ሲስተር ግን ለታካሚውም ለቤተሰቡም አስቀድማ ትነግራለች።

ከሁሉ የሚደነቀው ማጀት ድረስ መግባቷ ነው። ገበያ ላይ ያለው ጨው አዮዲን የተጨመረበት ነው። «ጨው ተው» የተባለ ሰው ወጥ ላይ የሚጨመረውን ይተዋል፤ ሽሮውና በርበሬው ግን ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸዋል! እሷ ከስካኑ በፊት ላለው 2 ሳምንት ያለ ጨው የተፈጨ ሽሮና በርበሬ ለብቻው ታስዘጋጃለች። ወተት፣ አይብና እንቁላልም ይቀራሉ፤ የጾም ወጥ የለመደ ቤት በዚህ አይቸገርም። ቁስል ላይ የተቀባ አዮዲን፣ አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ መድኃኒት፣ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ የተነሣ ሲቲ ስካን ካለ ትጠይቃለች፤ እነዚህም አዮዲን ወደ ሰውነት ያስገባሉ። ሲቲው 2 ወር ካልሞላው ቀጠሮው ቢራዘም ይሻላል። የእርግዝና ምርመራ ታሠራለች፤ የምታጠባ እናት ደግሞ ከ6 ሳምንት በፊት ማጥባት ማቆም እንዳለባት ታስረዳለች።

አዮዲኑ ከተዋጠ በኋላ ምስሉ የሚነሣው በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ስለሆነ አዲስ አበባ ማረፊያ ያዙ። በዕለቱ ገላችሁን ታጥባችሁ፣ ልብስ ቀይራችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ ግቡ። ልብስ የነካ የሽንት ጠብታ ምስሉ ላይ የዳሌ አጥንት ካንሰር ሊመስል ይችላል፤ ምግብ ቧንቧ ውስጥ የቀረ ምራቅም ደረት ላይ ያለ እጢ ይመስላል።

ታይሮግሎቡሊን የሚባለው የታይሮይድ ሕዋስ የሚሠራው ፕሮቲንና በእሱ ላይ የሚነሣው ፀረ-አካል በደም አብረው ይለኩ። ታይሮግሎቡሊን ከፍ ብሎ ስካኑ ንጹሕ ከሆነ ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ሕዋሱ አዮዲን መሳብ አቁሞ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ፔት ስካን የሚባል ሌላ ዓይነት ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ካንሰሩ የመመለስ ሥጋቱ ዝቅተኛ ለሆነ ታካሚ ግን የአንገት አልትራሳውንድና ይኸው የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሲስተር፣ ዕድሜሽ ይርዘም፤ የወሎ ዱዓ አይለይሽ።

ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም፤ የሚከታተላችሁ ሐኪም ያገናኛችኋል። የቀዶ ሕክምናውንና የፓቶሎጂውን ወረቀት፣ የቀድሞ ስካን ካለም እሱን ይዛችሁ፣ ቀጠሮው 2 ወር ያህል ሲቀረው ሂዱላት።