የክሌይ ባር ሉብሪካንት ተብሎ የሚሸጠውን ሳሙና እንዳትገዙ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ መኪና ያላችሁ፣ ይህችን አንብባችሁ ለሌላውም አድርሱልኝ። ባለፈው ወር በ1,800 ብር የገዛሁት የክሌይ ባር ሉብሪካንት፣ ማለትም ክሌይ ባር ቀለም ላይ ሲታሽ እንዲያንሸራትት የሚረጭ ፈሳሽ፣ የመኪናዬን ኮፋኖ አበላሽቶብኛል። ብሩ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። የተጫረ ቀለም ግን እንደ ብር ሰርቶ የሚተካ ነገር አይደለም።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ክሌይ ባር ልጆች እንደሚጫወቱበት ጭቃ ያለ ለስላሳ ነገር ነው። መኪናው ታጥቦም ቀለሙ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ቆሻሻ ይዞ ይነቅላል። የሲሚንቶ ብናኝ፣ ሬንጅ፣ የዛፍ ሙጫ፣ ጎረቤት ቀለም ሲረጭ በንፋስ የመጣ ነጠብጣብ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፍሬን ብናኝ። የጣርማበሩን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ፍሬን የማይዝ ሹፌር የለም። ከዲስኩና ከሸራው የሚፋቀው ደቃቅ ብረት እየጋለ ይበንና ቦዲው ላይ ይጣበቃል። ቆይቶ ይዝጋል። ነጭ መኪና ያላችሁ ከጎማው ኋላ ባለው ቦዲ ላይ ቀያይ ነጥቦች አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው። መኪናውን አጥባችሁ እጃችሁን ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ ቀለሙን ዳሰስ አድርጉት። ብርጭቆ ወረቀት የነካችሁ ከመሰላችሁ ክሌይ ይፈልጋል።

ክሌዩ ግን ደረቅ ቀለም ላይ አይሄድም። ውስጡ ደቃቅ መፋቂያ አለው። ከቀለሙ የነቀለው ብረትና አሸዋም እዚያው እላዩ ላይ ይቀራል። በመሃል የሚያንሸራትት ፈሳሽ ከሌለ ያንን ሁሉ ይዛችሁ ቀለሙን መሞረድ ነው። ክሊር የሚባለው ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ መከላከያ ሽፋን ደግሞ ስስ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ መኪና ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከራስ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ስለዚህ ከክሌዩ ይልቅ ፈሳሹን ነው መምረጥ ያለባችሁ። እኔ ይህን ሳላውቅ ክሌዩን አገላብጬ አይቼ ፈሳሹን በሻጩ ቃል ገዛሁ።

የገዛሁት የመኪና ጌጣጌጥ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። ግማሽ ሊትር የሚሆን የሚረጭ ጠርሙስ፣ ውስጡ ደማቅ ሰማያዊ ፈሳሽ። ሻጩ ልጅ «ወንድሜ፣ ይሄ የዱባይ ነው። ላቫጆዎቹ ራሳቸው ከእኛ ነው የሚወስዱት» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» አለኝ። ተውኩት። አሁን ሳስበው እዚያ ላይ ነበር ጥዬለት መውጣት የነበረብኝ።

እሁድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ጀመርኩ። መኪናዬ ጥቁር ነው፤ ታውቁታላችሁ፣ ጥቁር ቀለም ምንም አይደብቅም። በደብረ ብርሃን ብርድ ክሌዩ እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለነበር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ አላላሁት። ይሄ ትክክል ነው፣ እናንተም አድርጉት። ፈሳሹን ስረጨው ወፍራም አረፋ አወጣና ሎሚ ሎሚ ሸተተኝ። ሁለቴ ሦስቴ ደህና ተንሸራተተ። ከዚያ ያዝ ማድረግ ጀመረ። እርጥብ ሳህን በጣት ሲታሽ የሚያሰማው ጭጭ የሚል ድምፅ አለ አይደል? ልክ እሱን ማሰማት ጀመረ። ደገምኩና ረጨሁ። አረፋው ደቂቃ ሳይሞላው ይከስማል። ክሌዩ መፈርፈር ጀመረ፣ ኮፋኖው ላይም እንደ ማስቲካ እየተለጠፈ ቀረ። ጠርጌ የስልኬን ባትሪ ሳበራበት ከመሃል እስከ ፓራፋንጎው ድረስ በማበጠሪያ የተሰመረ የሚመስል ጭረት ነው። እዚያው ቁጭ አልኩ።

ማታ ወጥ ቤት ገብቼ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ አቀጠንኩና ከዚያኛው ጋር ጎን ለጎን ሞከርኩት። ሽታው፣ አረፋው፣ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ቅሪት አንድ ነው። የዕቃ ሳሙና ሥራው ቅባትን ማስለቀቅ ነው። ሳህን ላይ የሚወደደው ለዚያ ነው። ቀለም ላይ ሲሆን ግን ያለውን ዋክስ ገፍፎ ይወስዳል፣ ማንሸራተቱም አይቆይም፣ አንዳንዱን ክሌይም ያፈርሰዋል። የ1,800 ብሩ ነገር ይኸው ነው።

መልሼ ስወስድለት «አጠቃቀሙን አላወቅክበትም» አለኝ። ደረሰኝ ስለሌለኝ ክርክሩ እዚያው አለቀ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ሻጩም ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው። እባካችሁ እንደ እኔ አትለፉት። የእኔ ጠርሙስ ላይ የአምራች ስም የለም፣ የተሠራበት አገር የለም፣ እንዴት እንደሚቀጥን የሚል ቃል የለም። ተራ ወረቀት ላይ ፕሪንት ተደርጎ በፕላስተር የተለጠፈ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ ማሸጊያ ካላገኛችሁ ወይም አንገቱ ላይ የፈሰሰ የደረቀ ነገር ካያችሁ ተሞልቶ የተሸጠ ነው ብላችሁ አስቡ። ሻጩ ከፈቀደላችሁ ደግሞ ጠብታ በሁለት ጣታችሁ እሹት። ጥሩው እስኪደርቅ ድረስ ያሟልጫል። ሳሙናው ወዲያው ጭጭ ይላል።

ደግሞም ውድ ነገር አያስፈልግም። ዋክስ ያልተቀላቀለበት የመኪና ሻምፖ በባልዲ ውሃ ከተለመደው ትንሽ ወፈር አድርጎ መበጥበጥ ይበቃል። የታሸገ የክሌዩ ፋብሪካ የራሱ ስፕሬይ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው። ባዶ ውሃ አይበቃም። የልብስ ዱቄት ሳሙና በጭራሽ። «ነጭ ጋዝ ንካ አድርግበት» የሚሉም ሰምቻለሁ፤ ጋዝ ክሌዩን አቅልጦ ቀለሙ ላይ ይለቀልቀዋል፣ እንዳትሞክሩት። የትኛውንም ብትጠቀሙ አትቆጥቡ። ውሃው እየወረደ መሆን አለበት። ጥላ ሥር፣ ኮፋኖው ሲቀዘቅዝ፣ በአንድ ጊዜ ክንድ በክንድ የምታህል ቦታ ብቻ ያዙ። አትጫኑት፣ በቀጥታ መስመር አመላልሱት እንጂ አታዙሩት። ክሌዩ ሲጠቁር እጠፉና ንጹሑን ፊት አውጡ። መሬት ከወደቀ ጣሉት፤ አጥቤ ልጠቀምበት ማለት የለም፣ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ትበቃለች። ክሌዩ ድምፅ ካሰማ ወይም ያዝ ካደረገ እዚያው አቁሙ። እኔ በዚያ ሰዓት ባቆም ኖሮ ጭረቱ ስንዝር በማትሞላ ቦታ ይቀር ነበር።

ሲያልቅም ዋክስ ሳትቀቡ አታሳድሩት። ክሌይ የነበረውን ዋክስ ስለሚያነሳ ቀለሙ ራቁቱን ይቀራል። እኛ ደግሞ ከባህር ጠለል 2,700 ሜትር በላይ ነን። ብርዱ አያታላችሁ፣ የቀኑ ፀሐይ እዚህ ክሊር ይበላል።

ፖሊሽ የሚሠራ ባለሙያ ለኮፋኖው ብቻ 4,500 ብር ጠይቆኛል። ጭረቱ ይጠፋል፣ ነገር ግን ከክሊሩ ላይ ተፍቆ ነው የሚጠፋው፣ ሌላ ጊዜ እንዲህ ከተጫረ የምንፍቀው ላይኖር ይችላል አለኝ። ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዣለሁ። ጠርሙሱን አልጣልኩትም። ግማሹ እንዳለ ነው፣ የተለጠፈችው ወረቀትም አለች። ሰኞ ይዤው ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ተመሳሳይ ሰማያዊ ፈሳሽ የገዛችሁ ካላችሁ ጠርሙሱን አትጣሉ፤ አብረን ብንሄድ ይሻላል።